አሮጌው ሰርቨር ሲቀየር የሠራተኛው ፋይል የት ይሄዳል?

አንድ አርሶ አደር ከእብናት ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች ከአንዱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ረፋዱ ላይ ወረዳው ከተማ ደረሱ እንበል። ጉዳያቸው ከሁለት ሳምንት በፊት ያስገቡት አቤቱታ ነው፤ ከሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ዝርዝር ስማቸው ያለ አግባብ እንደወጣ የሚገልጽ። ጉዳዩን የያዘችው ሠራተኛ ታስታውሳቸዋለች። ቃላቸውን ተቀብላ፣ የቀበሌውን ደብዳቤ ስካን አድርጋ፣ ለኮሚቴው የሚቀርበውን ማጠቃለያ ጽፋ በኮምፒውተሯ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጣ ነበር። በዚያ ጠዋት ግን የተለመደውን ስሟንና የይለፍ ቃሏን አስገብታ ስትከፍት ዴስክቶፑ ከካርቶን እንደወጣ አዲስ ዕቃ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። «አባቴ፣ ሲስተሙ ተቀይሯል፤ ፋይሉ ሲገኝ እናስጠራዎታለን» ከማለት ሌላ የምትመልሰው አልነበራትም።

የሰውየው ታሪክ የታሰበ ምሳሌ ነው። ባዶው ዴስክቶፕ ግን የታሰበ አይደለም። ይህ ዘጋቢ ለሌላ ጉዳይ በሄደበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሰርቨሩ ቅዳሜና እሑድ ተቀይሮ ሰኞ ጠዋት ሠራተኞች የዓመታት ሥራቸውን ከኮምፒውተራቸው ሲያጡ ተመልክቷል። የተሰጣቸው ምክንያት «አሮጌው ሰርቨር ስላረጀ ነው» የሚል ነበር። እርጅናው እውነት ነው፤ ፋይሉን ከዓይናቸው የሰወረው ግን እርጅናው ሳይሆን ሰርቨሩ የተተካበት መንገድ ነበር። ነገሩ የባለሙያ ጉዳይ ቢመስልም ባለጉዳዩንም ስለሚነካ በሚገባን ቋንቋ እንመልከተው።

ሠላሳ ወይም አርባ ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን የሚያውቅበት አንድ ማዕከል ያስፈልገዋል። ይህ ማዕከል በሙያው ቋንቋ ዶሜይን ኮንትሮለር ይባላል። ሥራው ከመዝገብ ቤት ሥራ ጋር ይቀራረባል። ሠራተኛው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ኮምፒውተሩ ራሱ አይወስንም፤ ወደ ኮንትሮለሩ ይልካል። ኮንትሮለሩ መዝገቡን አይቶ «አዎ፣ ይህ የእኛ ሰው ነው፤ የፋይናንሱን ክፍል ይከፍታል፣ የሰው ሀብቱን አይከፍትም» ብሎ ይመልሳል። ማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ የተባለውን ይህን አሠራር ከዊንዶውስ 2000 ጋር በ1992 ዓ.ም. ለገበያ ካቀረበው ወዲህ በዓለም ዙሪያ በርካታ መሥሪያ ቤቶች በዚሁ ይሠራሉ። በአገራችንም በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ወረዳኔት ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር ለማገናኘት ሲዘረጋ ከቪዲዮ ስብሰባ፣ ከኢንተርኔትና ከመልእክት ልውውጥ ጎን የዳይሬክተሪ አገልግሎትም በዓላማው ተካቶ ነበር።

ባለጉዳዩ በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዶሜይን ኮንትሮለሩ የሰው መዝገብ እንጂ የመሬት መዝገብ አይደለም። የገጠር መሬት ይዞታ መረጃ የራሱ ሥርዓት አለው። ለዓመታት በወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች ያገለገለው አይቤክስ የተባለው የበጀትና የሒሳብ ሥርዓትም ሆነ የሴፍቲኔት ክፍያ የሚዘጋጅበት ፓስ መረጃቸውን የሚያስቀምጡት በየራሳቸው ነው። ስለዚህ ኮንትሮለሩ ስለተቀየረ ብቻ የማንም ማሳ ከካርታ አይጠፋም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። በገጠርም ሆነ በከተማ ጽሕፈት ቤቶቻችን እጅግ ብዙው ሥራ በእነዚያ ሥርዓቶች ውስጥ ሳይሆን በሠራተኛው ዴስክቶፕ ላይ ይኖራል፦ የአቤቱታ ማጠቃለያ፣ የማዳበሪያ ፍላጎት የተሰበሰበበት ሠንጠረዥ፣ የቃለ ጉባኤ ረቂቅ፣ በስካን የገባ ደብዳቤ፣ የቀበሌ ሊቀመናብርት ስልክ ቁጥር። ይህ ሁሉ፣ ከዴስክቶፑ ሥዕልና ከፕሪንተሩ ማስተካከያ ጋር፣ የሠራተኛው ፕሮፋይል ይባላል።

ፕሮፋይሉ ለምን ይሰወራል? የሠራተኛው ስም አልተቀየረም፤ የይለፍ ቃሉም ያው ነው፤ ኮምፒውተሩም ያው ነው። ሆኖም ኮምፒውተሩ ሠራተኛውን የሚያውቀው በስሙ አይደለም። ኮንትሮለሩ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ረጅም መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። የቁጥሩ የፊተኛው ክፍል የመሥሪያ ቤቱ ሁሉ የጋራ ሲሆን የመጨረሻው ክፍል የሠራተኛው የብቻው ነው። ስሙ ለእኛ ለሰዎች እንዲመች የተለጠፈ ነው። ፕሮፋይሉም፣ ፋይል የመክፈት ፈቃዱም የሚታሰሩት በቁጥሩ ነው።

አርሶ አደሩ ይህን ከማንም በተሻለ ይረዳዋል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸው ስምም የሚመሳሰል ሁለት ሦስት ሰዎች መኖራቸው የተለመደ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ እያንዳንዱ ማሳ የራሱ መለያ ቁጥር የተሰጠው አንድም ለዚህ ነው። ማሳው የሚታወቀው በባለቤቱ ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ የወሰን ክርክሩ ማለቂያ አይኖረውም ነበር። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ያስባል።

አሁን ስሕተቱ ግልጽ ይሆናል። የተቻኮለ ባለሙያ አዲሱን ሰርቨር ከፍቶ አዲስ ዶሜይን ይመሠርትበታል፤ ስሙንም ልክ እንደ አሮጌው ይሰይመዋል። የሠራተኞቹን ስም አንድ በአንድ ይጽፋል። ሁሉም ነገር ከውጭ ሲታይ ያው ነው። ከውስጥ ግን አዲሱ ዶሜይን የራሱን አዲስ ቁጥር ይዞ የተወለደ ነው፤ ለሠራተኞቹም አዲስ ቁጥር ያድላል። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛዋ ስትገባ ኮምፒውተሩ «ይህች ሰው እንግዳ ናት» ብሎ አዲስ ባዶ ፕሮፋይል ይከፍትላታል። የድሮው ሥራዋ አልተሰረዘም። በዚያው ሃርድ ዲስክ፣ ተጠቃሚዎች በሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ፣ በድሮ ስሟ እንደተቀመጠ ነው። አዲሱ ፎልደር ብዙ ጊዜ በስሟ ላይ ነጥብና የዶሜይኑ ስም ወይም ቁጥር ተጨምሮበት ከጎኑ ይታያል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሠራተኛ ማንም ኮምፒውተሩን ፎርማት እንዲያደርገው መፍቀድ የለበትም። ፋይሉ በእውነት የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው፤ «ለማስተካከል» ተብሎ።

ትክክለኛውን መንገድ ለማስረዳት ይህ ዘጋቢ ግብርና ኮሌጅ ሳለ ከተማረው የንብ እርባታ የተሻለ ምሳሌ አላገኘም። ንብ አናቢ ያረጀችውን አውራ በሌላ ሲተካ አዲሲቱን እንዲሁ ቀፎው ውስጥ አይለቃትም። ሠራተኛ ንቦች አውራቸውን የሚያውቁት በመልኳ ሳይሆን በጠረኗ ነው፤ ጠረኗ እንግዳ ከሆነባቸው ከብበው ይገድሏታል። ስለዚህ በትንሽ ጎጆ ተደርጋ ቀፎው ውስጥ ለጥቂት ቀናት ትቆያለች፤ ጠረኗ ከቀፎው ጋር ይዋሐዳል፤ ከዚያ ትለቀቃለች። በአንድ ነገር ብቻ ይለያያሉ። በቀፎ ውስጥ አሮጊቷ አውራ አስቀድማ ትወጣለች፤ በሰርቨሩ ግን አሮጌውና አዲሱ ለተወሰነ ጊዜ አብረው መኖር አለባቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ሰርቨር አዲስ ዶሜይን አይመሠርትም። ባለው ዶሜይን ውስጥ ሁለተኛ ኮንትሮለር ሆኖ ይገባል። ያን ጊዜ አሮጌው መዝገቡን በሙሉ ለአዲሱ ያካፍለዋል፤ ስሞቹን፣ የይለፍ ቃሎቹን፣ ከሁሉም በላይ ቁጥሮቹን። ሁለቱ አንድ መዝገብ በሁለት ግልባጭ ይይዛሉ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ አሮጌው ቢወጣ ለሠራተኛዋ ኮምፒውተር ምንም አልተለወጠም። ቁጥሯ ያው ነው፤ ፕሮፋይሏም ያው። ጥሩ የሰርቨር ቅያሪ ሠራተኛው ሳያውቀው የሚያልፍ ነው።

ከመጀመሩ በፊት የአሮጌው ሰርቨር ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ ተወስዶ ከሰርቨሩ ውጪ በሌላ ዲስክ መቀመጥ አለበት። ይህን መዝለል የሚያምራቸው ብዙዎች ናቸው፤ በተለይ መብራት በሚቆራረጥበትና በክረምቱ መብረቅ በሚበዛበት ደጋ ግን መዝለል ቁማር ነው። በመዝገብ ልውውጡ መሐል መብራት ቢጠፋ ሁለቱም ሰርቨሮች እንዳይጎዱ ዩ ፒ ኤስ የግድ ነው።

ሌላው እንቅፋት የዕድሜ ርቀት ነው። የዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ድጋፍ ያበቃው ሐምሌ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር፤ የ2008 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የ2012 ደግሞ መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም.። ድጋፍ አበቃ ማለት ማሽኑ ይቆማል ማለት አይደለም፤ የደኅንነት ጥገና በመደበኛነት አይወጣለትም ማለት ነው፤ በሩ ተበጥሶ ጠጋኝ የሌለው ቤት ይሆናል። ታዲያ በ2003 ላይ የቆየ መሥሪያ ቤት በአንድ ዝላይ ወደ 2019 መሻገር አይችልም። አዲሱ ያን ያህል አሮጌ አባል ያለበትን ዶሜይን አይቀበልም። በመካከል እንደ 2012 ወይም 2016 ያለ መሸጋገሪያ ማስገባት፣ ከዚያ የ2003ቱን አስወጥቶ የዶሜይኑን ደረጃ ከፍ ማድረግ፣ ሰርቨሮቹ የጋራ ፎልደራቸውን የሚለዋወጡበትን የድሮ ዘዴ በአዲሱ መተካት፣ ከዚያም መሻገር ያስፈልጋል። ብዙ ባለሙያ «አልሆን አለ» ብሎ አዲስ ዶሜይን ወደ መመሥረት የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። የሁለት ቀን ሥራ ለመቆጠብ ሲል የሠላሳ ሰው የሳምንታት ሥራ ያቃጥላል።

ሰዓትም ነገር አለው። ዶሜይኑ የሰርቨሩና የኮምፒውተሩ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ እንዳይራራቅ ይፈልጋል፤ ከተራራቀ መግቢያውን ሊከለክል ይችላል። የኮምፒውተሩ ትንሿ ባትሪ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። ከዚያ ባልተናነሰ፣ አንድ ሠራተኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን በኮምፒውተሩ ላይ 8 ሰዓት ብሎ ሲያየው «ተሳስቷል» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ሊያስተካክለው ይችላል። ስድስት ሰዓት ሙሉ አራራቀው ማለት ነው። የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ በሩ ለምን እንደተዘጋ ለማወቅ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት አጋጣሚ አለ።

ዶሜይኑ ለአንድ ኮንትሮለር ብቻ የሚሰጣቸው አምስት የኃላፊነት ሥራዎች አሉት። ከእነርሱ አንዱ አዲስ ለሚቀጠሩ ሠራተኞች የሚታደለውን ቁጥር በ500፣ በ500 እየከፈለ ለኮንትሮለሮች የሚሰጥ ነው። ሌላው የሰዓቱ ዋና ጠባቂ ነው። አሮጌው ሰርቨር በሕይወት እያለ እነዚህ በርክክብ ወደ አዲሱ መተላለፍ አለባቸው። አሮጌው ሞቶ ከሆነ አዲሱ በግድ ሊወስዳቸው ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አሮጌው ተጠግኖ ቢነሣ ወደ ኔትወርኩ ፈጽሞ መመለስ የለበትም። ሁለት ቁጥር አዳይ በአንድ ዶሜይን ውስጥ ሲገኝ አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ የአንድ ማሳ ሁለት ደብተር ማለት ነው።

ረጅም ጊዜ ጠፍቶ የቆየ ሰርቨርም እንዲሁ ያሰጋል። ተጣማሪ የሆነ ሰርቨር ከ180 ቀናት በላይ ከጓደኛው ሳይገናኝ ከቆየ፣ በድሮዎቹ ዶሜይኖች ደግሞ ከ60 ቀናት በላይ፣ የተሰረዙ ሠራተኞችን እንደገና ሊያስነሣ ስለሚችል መልሶ ማገናኘት አይመከርም። ለወራት ተዘግቶ የቆየ ጽሕፈት ቤት ሲከፈት ባለሙያው በቅድሚያ ሊያየው የሚገባ ነገር ነው።

የአድራሻው ጉዳይ ደግሞ ብዙዎችን ያሰናክላል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ኮንትሮለሩን የሚያገኘው ዲ ኤን ኤስ በተባለው የስምና የአድራሻ ደብተር ነው፤ ደብተሩም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በአሮጌው ሰርቨር ላይ አለ። አሮጌው ሲጠፋ ኮምፒውተሮቹ አድራሻ ጠያቂ ሆነው ይቀራሉ። መፍትሔው የሁሉንም ኮምፒውተር ማስተካከያ ወደ አዲሱ ማዞር ነው፤ ወይም አሮጌው በሥርዓት ከተሰናበተ በኋላ የእርሱን የአድራሻ ቁጥር ለአዲሱ መስጠት።

በትናንሽ መሥሪያ ቤቶች ይህ ሰርቨር ኮንትሮለር ብቻ አይደለም። የጋራ ፋይል ማስቀመጫም፣ የፕሪንተር ማዕከልም እርሱ ነው። በአንዳንዶቹ ዘንድ ደግሞ የሠራተኞች ዴስክቶፕና ሰነድ በራሳቸው ኮምፒውተር ሳይሆን በሰርቨሩ ላይ እንዲቀመጥ ተደርጓል፤ መንገዱም የአሮጌውን ሰርቨር ስም ይዞ የተጻፈ ነው። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ ተጠብቆም ዴስክቶፑ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ የሌለ ቤት ያንኳኳልና። ፋይሎቹ ወደ አዲሱ ሲዛወሩ በመዳፊት ጎትቶ መገልበጥ የማን ፋይል እንደሆነና ማን እንደሚከፍተው የሚናገረውን ፈቃድ ያስቀራል፤ ሮቦኮፒ የተባለው በዊንዶውስ ውስጥ ያለ መሣሪያ በትክክል ከታዘዘ ፈቃዱን ይዞ ያዛውራል። ከዚያም መንገዱ በአዲሱ ስም ይስተካከላል፤ ወይም የአሮጌው ስም ወደ አዲሱ እንዲያመለክት በአድራሻ ደብተሩ ውስጥ ይመዘገባል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አሮጌውን በዚያው ቀን መንቀል አያስፈልግም። ለጥቂት ቀናት አጥፍቶ ማየት ይሻላል። ሁሉም ሠራተኛ ገብቶ ሥራውን ካገኘ፣ ፕሪንተሩ ካተመ፣ አሮጌው እንደገና ተነሥቶ ከኮንትሮለርነቱ በሥርዓት ይሰናበታል። ዝም ብሎ ከተነቀለ ስሙ በመዝገቡ ውስጥ ሙት ሆኖ ይቀርና በኋላ ያስቸግራል። በሙከራው ወቅት አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ዊንዶውስ በቅርብ የገቡ 10 ሰዎችን በራሱ ስለሚያስታውስ ኮንትሮለር ባይኖርም ሠራተኛው ሊገባ ይችላል። «ገባሁ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የጋራ ፎልደሩ መከፈቱም መታየት አለበት።

አሮጌው ብቸኛ ሆኖ ከሞተና ቅጂም ከሌለስ? ያን ጊዜ አዲስ ዶሜይን ከመመሥረት በቀር ምርጫ የለም። የማይክሮሶፍት የማዛወሪያ መሣሪያም አይጠቅምም፤ ሁለቱም ዶሜይኖች ሕያው ሲሆኑ ነው የሚሠራው። ሆኖም የድሮው ፎልደር በየኮምፒውተሩ ላይ ስላለ ባለሙያው ባለቤትነቱን ወደ አዲሱ ቁጥር አዙሮ ለሠራተኛው ሊያስረክብ ይችላል። በኮምፒውተር ብዛት ልክ የሚደጋገም አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን ይቻላል። የማይመለሰው ሠራተኛው ራሱ በዊንዶውስ ምስጢር ቁልፍ ቆልፎት የነበረ ፋይል ነው። ለዚህ ነው ሁለት ኮንትሮለር ሁልጊዜ እንዲኖር የሚመከረው፤ ሁለተኛው ውድ ማሽን መሆን አያስፈልገውም።

ጊዜውን መምረጥ የባለሙያው ብቻ ሳይሆን የኃላፊውም ድርሻ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የሰኔ ወር የፋይናንስ ሠራተኛ ቀና የማይልበት ወር ነው። የማዳበሪያ ሥርጭቱም በዚያው ሰሞን ይጦፋል። የሴፍቲኔት ክፍያ ደግሞ በአመዛኙ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ይፈጸማል። በዚህ ዘጋቢ አመለካከት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ፣ ከዓርብ ማታ ጀምሮ፣ ይሻላል፤ የገበያ ቀን በሚውልበት ማግስት ግን ባለጉዳይ ስለሚበዛ አይሁን።

የተሰናበተው ሰርቨርም በዕቃ ግምጃ ቤት ጥግ ሊጣል ወይም ዲስኩን እንደያዘ በጨረታ ሊሸጥ አይገባም። በውስጡ የሁሉም ሠራተኛ የይለፍ ቃል በምስጢር መልክ ተቀምጧል፤ ምስጢሩንም ጊዜና መሣሪያ ያለው ሰው ሊፈታው ይችላል። በጋራ ፎልደሩ ውስጥ የነበረው የባለጉዳይ ስም፣ ሥዕልና ስልክም አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን መረጃ የያዘ አካል እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ዲስኩ በአግባቡ መጽዳት፣ ወይም ተነቅሎ መሰባበር አለበት።

ባለጉዳዩ በሰርቨሩ ላይ ሥልጣን የለውም፤ በእጁ ባለው ወረቀት ላይ ግን አለው። ማመልከቻ ሲያስገባ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ማስጻፍ፣ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ መያዝ፣ «ሲስተም የለም» ሲባል «ጉዳዬ በመዝገብ ቤት በዚህ ቁጥር ገቢ ሆኗል» ማለት ይችላል። ሠራተኛውም የባለጉዳይ ሰነድን በዴስክቶፑ ላይ ከማከማቸት ይልቅ ቅጂ በሚወሰድለት የጋራ ፎልደር ውስጥ ቢያስቀምጠው ይመረጣል።

በመጀመሪያ ያነሣናቸው አርሶ አደርም እንዲህ ያለ ቁጥር በእጃቸው ቢኖር የአይ ሲ ቲ ባለሙያው የሠራተኛዋን ኮምፒውተር ከፍቶ፣ በድሮ ስሟ የተቀመጠውን ፎልደር አግኝቶ፣ በቀኑ መሠረት የአቤቱታውን ማጠቃለያ ለማውጣት ከሃያ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም ነበር፤ ኮምፒውተሩ ፎርማት ካልተደረገ።